ንጉሥ ዝቮኒሚር ዘክሮኤሺያ፦ ስለ አሟሟቱ ሳይሆን ስለ ንግሥናው እንወያይ

የታሪክ ጥማት
ጤና ይስጥልኝ ወገኖች። ባለፈው ስለ መስቀል ጦርነት ስንጫወት አንድ ወንድማችን «የክሮኤሺያው ንጉሥ ዝቮኒሚር ሕዝቡን ወደ ኢየሩሳሌም እንዝመት ቢላቸው በገዛ ሰዎቹ ተቆራርጦ ሞተ፤ ሲሞትም ረግሟቸው ሞተ» ብሎ ጽፎ ነበር። ታሪኩ ልብ ይነካል፤ ብዙዎቻችሁም ወዳችሁታል። እኔን ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ አንድ ነገር ይቆጨኛል። የዚህ ንጉሥ ስም በተነሣ ቁጥር የሚወራው አሟሟቱ ብቻ ነው። ዐሥራ ሦስት ዓመት ገደማ የነገሠ፣ በሕዝብ ፊት ቃለ መሐላ የፈጸመ፣ ለገዳማት መሬት የሰጠ፣ ስሙ በድንጋይ ተቀርጾ የቀረ ሰው፣ ከሞተ ብዙ ዘመን በኋላ በተጻፈ አንድ ትረካ ሥር ተቀብሮ ቀረ። ይህን ክር የከፈትሁት ለዚህ ነው። (ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር እጽፋለሁ።)

ለማያውቁት ባጭሩ፦ ዝቮኒሚር ከመንገሡ በፊት ከንጉሥ ፔታር ክሬሺሚር 4ኛ ሥር «ባን» ነበር። ባን ማለት በእነሱ አገር ከንጉሡ ቀጥሎ ያለ ታላቅ ሹም ነው። ሚስቱ ዬሌና የሀንጋሪው ንጉሥ የቤላ 1ኛ ልጅ፣ በኋላ የነገሠው የላዲስላውስ እኅት ናት። ይህን የጋብቻ ዝምድና ያዙልኝ፤ መጨረሻ ላይ ብዙ ነገር ይፈታል።

ዘውድ የጫነው ስፕሊት አጠገብ ባለችው በሶሊን፣ በቅዱስ ጴጥሮስና በሙሴ ስም በተሠራው ቤተ ክርስቲያን ነው። ዘውዱን የጫነለት የሮማው ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት የጎርጎርዮስ 7ኛ መልእክተኛ ጌቢዞ ነበር። ሰንደቅ፣ ሰይፍ፣ በትረ መንግሥትና ዘውድ ተሰጠው፤ ድሜጥሮስ የሚል ስምም ጨመረ። ሰነዱ የመረጡት ካህናቱና ሕዝቡ በአንድ ቃል መሆኑን ይናገራል።

ከሁሉ በላይ ግን መሐላውን አንብቡልኝ። ለድኾች፣ ለመበለቶችና ለሙት ልጆች ጥብቅና ሊቆም፤ አሥራቱና በኵራቱ ለቤተ ክርስቲያን እንዲደርስ ሊያደርግ፤ በሥጋ ዘመዳሞች መካከል ጋብቻ እንዳይፈጸም ሊከለክል፤ ጋብቻ በቀለበትና በካህን ቡራኬ እንዲጸና ሊያደርግ፤ የሰው ንግድን ሊቃወም ማለ። የአድሪያቲክ ወደቦች ሰው የሚሸጥባቸው ገበያዎች በነበሩበት ዘመን መሆኑን አትርሱ። እኔ ይህን ሳነብ ነው ሰውየውን መውደድ የጀመርሁት።

አንድ ለእናቱ
እናመሰግናለን ወንድሜ። አንድ ያልገባኝ ነገር አለ። ሮም ከዚያ ድረስ ምን ጥሏት ነው አንድ ባን ለማንገሥ መልእክተኛ የምትልከው? ንጉሣቸው ክሬሺሚርስ የት ሄደ?

የታሪክ ጥማት
ጥሩ ጥያቄ ነው። ክሬሺሚር ትልቅ ንጉሥ ነበር። በ1069 ለዛዳር ገዳም ደሴት ሲሰጥ ባጻፈው ሰነድ ባሕሩን «የእኛ የዳልማሺያ ባሕር» ብሎ ጠርቶታል (ዳልማሺያ የክሮኤሺያ የባሕር ጠረፍ ነው)። በ1074 ገደማ ግን ነገሩ ሁሉ ተናጋ። በደቡብ ጣልያን የነበሩት ኖርማኖች ባሕሩን ተሻገሩ፤ የጆቪናትሶው መስፍን አሚኮ በ1075 የዳልማሺያ ከተሞችን ይዞ አንድ የክሮኤሺያ ንጉሥ ማረከ። የተማረከው ክሬሺሚር ነው የሚሉ አሉ፤ ሌላ ተፎካካሪ ነው የሚሉም አሉ፤ ምንጩ ስም አይጠራም። ቬኒስ ደግሞ ኖርማኖችን ካስወጣች በኋላ በየካቲት 1076 የከተሞቹን ሰዎች «ኖርማኖችን ዳግመኛ አንጠራም» አስብላ አስማለቻቸው። እንግዲህ አስቡት፦ ከምዕራብ ኖርማን፣ ከሰሜን ምዕራብ ቬኒስ፣ ከሰሜን ሀንጋሪ፣ ከምሥራቅ ቢዛንታይን። ለአዲስ ንጉሥ ወዳጅ ያስፈልገው ነበር።

ጎርጎርዮስም ከጀርመኑ ንጉሥ ከሄንሪ 4ኛ ጋር የሞት ሽረት ትግል ውስጥ ገብቶ ነበር። በጥር 1077 ሄንሪ በካኖሳ በረዶ ላይ ምሕረት ሲለምን የቆመው በዚሁ ሰሞን ነው። ለቅዱስ ጴጥሮስ የማለ ንጉሥ በአድሪያቲክ ማዶ መኖሩ ለሮም ቀላል ነገር አልነበረም። ሁለቱም ይፈላለጉ ነበር ማለት ነው።

ዘመነ ብራና
ወንድሜ የታሪክ ጥማት፣ ዘውድ የጫነበትን ዓመት አልጻፍህም፤ አውቀህ እንደተውኸው ገብቶኛል። አንዱ መጽሐፍ 1075፣ ሌላው 1076 ይላል። ምክንያቱ ስለሚያስደስት ላስረዳ።

ሰነዱ ወሩን ጥቅምት (ኦክቶበር)፣ ዓመቱን 1076፣ «ኢንዲክቲዮኑን» ደግሞ 14 ይላል። ኢንዲክቲዮን በሮማውያን የተጀመረ የ15 ዓመት ዑደት ነው። በግሪኮች ልማድ ዑደቱ የሚለወጠው በሴፕቴምበር መባቻ ነው፤ ዓመት በመስከረም ለሚለወጥልን ለእኛ ይህ እንግዳ አይደለም። በዚህ ልማድ ከሄድን 14ኛው ኢንዲክቲዮን የጀመረው በሴፕቴምበር 1075 ስለሆነ ጥቅምቱ የ1075 ጥቅምት ይሆናል። ዑደቱን ከጃንዋሪ የሚጀምሩትን ከተከተልን ግን 1076 ይሆናል። በዚያ ላይ በአንዳንድ የጣልያን ከተሞች የጌታ ልደት ዓመት ከእኛው ከመጋቢት ትስብእት ይቆጠር ስለነበር «1076» ተብሎ የተጻፈው የ1075 መጸው ሊሆን ይችላል። ጸሓፊው የትኛውን ልማድ ይዞ እንደጻፈ ካልታወቀ ክርክሩ አያልቅም። እኔ ለ1075 አደላለሁ፤ የቀረውን «1075/76» ብሎ መጻፍ ሐቀኛ ነው።

ቀጥተኛው
ይቅርታ አድርጉልኝና እኔ ይህን ሰው ማመስገን ይከብደኛል። ያነበብኸው መሐላ እኮ ለማን ነው የተማለው? ለሮም ነው። ቭራና ላይ ያለውን የቅዱስ ጎርጎርዮስ ገዳም ከነንዋየ ቅድሳቱ ለጳጳሱ አስረክቧል፤ ብር የለበሰ ወንጌሉን፣ በዕንቍ ያጌጡ ሁለት የወርቅ ዘውዶቹን ሳይቀር። በየዓመቱ በትንሣኤ 200 ቤዛንት (የቢዛንታይን የወርቅ ሳንቲም) እንዲከፍልም ተስማምቷል። ክሬሺሚር «የእኛ ባሕር» ባለ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ተተኪው አገሩን የሌላ ሰው ርስት አደረገ። እኔ የምለው ይህን ነው።

የታሪክ ጥማት
ቀጥተኛው፣ ነገርህ ክብደት አለው፤ ስለ ቭራና ያልኸው በሙሉ እውነት ነው። ግን ሂሳቡን አብረን እናድርገው። አንድ ቤዛንት በሙሉ ሚዛኑ 4.4 ግራም ገደማ ነው። ሁለት መቶው ተጠራቅሞ 1 ኪሎ ግራም አይሞላም። በዚያ ላይ በ1070ዎቹ የቢዛንታይን ነገሥታት ወርቁን በብር እየደባለቁ አርክሰውት ነበር። ለአንድ መንግሥት ይህ ምልክት ነው እንጂ ግብር አይባልም።

በምልክቱ ምን አገኘበት? በ1079 ቬዜሊን የሚባል ባላባት ዝቮኒሚርን ሊወጋ ሲነሣ ጎርጎርዮስ ደብዳቤ ጻፈለት። «ሐዋርያዊው ሥልጣን በዳልማሺያ ንጉሥ አድርጎ ያቆመውን ሰው እንዴት ትነካለህ» የሚል ተግሣጽ ነው፤ ቅሬታ ካለህ ለእኛ አቅርብ፣ ካልሰማህ የቅዱስ ጴጥሮስ ሰይፍ ይመዘዝብሃል ይለዋል። ከአንድ ኪሎ ባነሰ ወርቅ ይህን ያህል ጋሻ የገዛ ንጉሥ አገሩን ሸጠ ልለው አልችልም። በዘመኑ ሁሉ ጎረቤቶቹ አገሩን ሲቆርሱት አናይም፤ የተቆረሰው እሱ ከሞተ በኋላ ነው።

ስደተኛዋ
ሰላም ለሁላችሁ። ክሩን በጉጉት እየተከታተልሁ ነው። እኔ የምኖረው ጀርመን ነው፤ ባለፈው በጋ ከሥራ ጓደኞቼ ጋር ስፕሊት ሄጄ ነበር። በዲዮቅልጥያኖስ ቤተ መንግሥት ውስጥ ጥንት የጁፒተር ቤተ ጣዖት የነበረች ትንሽ ቤት አለች፤ አሁን ቤተ ክርስትና ናት። የመጠመቂያው ገንዳ የተሠራው ከጥንት የድንጋይ ሰሌዳዎች ነው። አንደኛው ላይ ዘውድ የደፋ ንጉሥ ዙፋን ላይ ተቀምጧል፤ በቀኝ እጁ መስቀል ይዟል። ከአጠገቡ አንድ ሰው ቆሟል፤ ከእግሩ ሥር ደግሞ ሌላ ሰው በግንባሩ ተደፍቷል። አስጎብኚዋ «ክሬሺሚር ወይም ዝቮኒሚር ነው ይባላል» ብላን አለፈች። ያን ጊዜ ስሙ ለእኔ ምንም አልነበረም። አሁን የእናንተን ሳነብ ያ የተደፋው ሰውዬ ዓይኔ ላይ መጣ። ድኻ ነው? ተበድሎ አቤት ሊል የመጣ ነው?

ዘመነ ብራና
እህቴ፣ ያን ድንጋይ በዓይንሽ ማየትሽ ዕድለኛ ነሽ። የ11ኛው ክፍለ ዘመን ሥራ ነው። ከሶሊኑ የዘውድ ቤተ ክርስቲያን የመጣ ነው የሚሉ አሉ፤ ከዚያው ከስፕሊት ካቴድራል ነው የሚሉም አሉ። በዙፋኑ ላይ ያለው ምድራዊ ንጉሥ ሳይሆን ክርስቶስ ራሱ ነው፣ የተደፋውም ምሕረት ለማኝ ነው የሚል ንባብም አለ። እኔ ንጉሥ ነው ከሚሉት ወገን ነኝ፤ አለባበሱና ዘውዱ የዘመኑን ነገሥታት ይመስላል። የሶሊኑ ቤተ ክርስቲያን ዛሬ በያድሮ ወንዝ ዳር ርጥብ መሬት ላይ መሠረቱ ብቻ ነው የቀረው።

ባለ ቅኔ
ልጆቼ፣ ሰላም ለእናንተ ይሁን። እኔ የአውሮፓን ነገሥታት ታሪክ ብዙም አላውቅም፤ ግን የታሪክ ጥማት «ስሙ በድንጋይ ተቀርጾ የቀረ» ብሎ ጀምሮ ስለ ድንጋዩ ሳይነግረን አለፈ። ምን ይላል ድንጋዩ? በምንስ ፊደል ነው?

የታሪክ ጥማት
አባቴ፣ ጥያቄዎን በጣም ነው የወደድሁት፤ ክሩን የከፈትሁትም በልቤ ለዚህ ድንጋይ ነው።

ክርክ የምትባል ደሴት አለች፤ በባሽካ ከተማ አጠገብ ዩራንድቮር በሚባል መንደር የቅድስት ሉቺያ ቤተ ክርስቲያን አለ። እዚያ ወለል ላይ ተነጥፎ የነበረ የኖራ ድንጋይ ሰሌዳ በ1851 የተማሩ ሰዎች ዓይን ገባ። ወርዱ 199 ሳንቲ ሜትር፣ ቁመቱ 99.5 ሳንቲ ሜትር፣ ክብደቱ 400 ኪሎ ግራም ያህል ነው። መጀመሪያ የመቅደሱ መጋረጃ ግንብ ክፍል ነበር። የተቀረጸው በ1100 ገደማ ነው፤ ማለትም ንጉሡን በዓይናቸው ያዩ ሰዎች ገና በሕይወት ሳሉ። ፊደሉ ግላጎሊጻ ይባላል፤ ለስላቭ ቋንቋ ተብሎ በ9ኛው ክፍለ ዘመን የተቀረጸ ነው።

ጽሑፉ በሥላሴ ስም ይጀምራል። ከዚያ አበ ምኔቱ ድርዢሃ እንዲህ ይላሉ (በራሴ አነጋገር ነው የማቀርበው)፦ እኔ ይህን የጻፍሁት የክሮኤሺያ ንጉሥ ዝቮኒሚር በዘመኑ ለቅድስት ሉቺያ ስለሰጠው መሬት ነው። ቀጥሎ የምስክሮች ስም አለ፤ ከክርባቫ፣ ከሊካ ሹማምንት። ቀጥሎም «ይህን የካደ፣ እግዚአብሔር፣ ዐሥራ ሁለቱ ሐዋርያት፣ አራቱ ወንጌላውያንና ቅድስት ሉቺያ ይርገሙት፤ አሜን። በዚህ የሚኖር ስለ እነርሱ ወደ እግዚአብሔር ይጸልይ» ይላል። በመጨረሻ ሁለተኛው አበ ምኔት ዶብሮቪት ከዘጠኝ ወንድሞቻቸው ጋር፣ ክኔዝ (መስፍን) ኮስማት ያን አገር ሁሉ ሲገዛ፣ ቤተ ክርስቲያኑን እንደሠሩ ይናገራሉ።

የክሮኤሺያ ሕዝብ ስም በራሱ ቋንቋ ተጽፎ መጀመሪያ የሚገኘው እዚህ ድንጋይ ላይ ነው፤ ያም ከዝቮኒሚር ስም ጋር፦ «ዝቮኒሚር፣ የክሮኤሺያ ንጉሥ»።

ባለ ቅኔ
እግዚአብሔር ይስጥህ ልጄ። ይህ እኮ የጉልት ውል ነው! ሰጪው ይጠራል፣ ምስክር ይቆጠራል፣ ከዚያ ውግዘት ይታሰርበታል። በእኛም ብራና ላይ ያለውን ታውቁታላችሁ፦ «ዘሰረቆ ወዘፈሐቆ በሥልጣነ ጴጥሮስ ወጳውሎስ ውጉዘ ለይኩን»። የሰረቀውና የፋቀው የተወገዘ ይሁን ማለት ነው። መሬት የተሰጠባቸው ሰነዶችም በዚሁ ዐይነት ቃል ይታሰራሉ። እነሱ ከእኛ፣ እኛ ከእነሱ ወሰድን አልልም፤ ማኅተምና ዳኛ በራቀበት አገር ሰነድ የሚጠብቀው ውግዘት ነው። ሰው መሬቱን ለመቀማት ሲመጣ ድንጋዩ ይናገረው ነበር።

አንድ ለእናቱ
እውነትም! እንግዲህ የዝቮኒሚር ስም ሁለት እርግማን ላይ ተንጠልጥሏል ማለት ነው። አንዱ በድንጋይ የተጻፈው፣ ሌላው ወሬው።

የታሪክ ጥማት
በትክክል ነው ያልኸው፤ እኔ ከዚህ በላይ የሚያስገርመኝን ደግሞ ልጨምር። በ1060 ስፕሊት ላይ የተሰበሰበው ሲኖዶስ የስላቭ ሰዎች ላቲን ካልተማሩ ክህነት እንዳይቀበሉ ከልክሎ ነበር። የሮም ተሐድሶ ወገን የግላጎሊጻን ቅዳሴ በጥርጣሬ ነበር የሚያየው። ዝቮኒሚር ደግሞ የዚያው ተሐድሶ ንጉሥ ነው፤ ዘውዱን ከጎርጎርዮስ እጅ ነው የተቀበለው። ሆኖም ስሙን ለሺህ ዓመት ያቆየለት የተነቀፈው ፊደል ነው። በክርክ የነበሩት መነኰሳት የቅዱስ ቤኔዲክቶስን ሥርዐት የሚከተሉ ሆነው በስላቭ ፊደል ይጽፉ ነበር። ንጉሡም መሬት ሲሰጣቸው አላገዳቸውም። ቀጥተኛው፣ «ለሮም ያደረ» ስትለው ይህንንም አብረህ መዝንልኝ።

ቀጥተኛው
ይህን አላውቅም ነበር፤ ተቀብያለሁ። የወርቁም ሂሳብ አሳምኖኛል። የቭራናው ነገር ግን አሁንም አልዋጥልሽ ብሎኛል፤ ገዳም ከነሀብቱ ለውጭ ሰው ማስረከብ ለእኔ ምልክት ብቻ አይደለም። ደግሞ አንድ ጥያቄ ይቀረኛል። ይህን ያህል ደግ ንጉሥ ከነበረ ለምን ገደሉት? ስለ አሟሟቱ አናውራ ብላችሁ መሸሽ አትችሉም።

ዘመነ ብራና
አንሸሽም። ቁጭ ብለን እንየው።

የግድያው ታሪክ ያለው የዱክልያ ካህን ዜና መዋዕል በሚባለው መጽሐፍ የክሮኤሺያኛ ቅጂ ውስጥ ነው። ቅጂው ከንጉሡ ሞት ከሁለት መቶ ዓመት በላይ ዘግይቶ የተዘጋጀ ነው። እንዲህ ይላል፦ ከጳጳሱና ከንጉሠ ነገሥቱ ደብዳቤ መጣ፤ ንጉሡ ሕዝቡን ክኒን አጠገብ በኮሶቮ ሜዳ አምስት አብያተ ክርስቲያናት ባሉበት ሰበሰበ (ይህ በሰርቦች ዘንድ የታወቀው ኮሶቮ አይደለም)፤ የጌታን መቃብር ለማስለቀቅ እንዝመት የሚለውን ሲያነብላቸው ተነሡበትና በሰይፍ ቆራረጡት፤ እሱም በደሙ ተነክሮ «ከእንግዲህ በገዛ ቋንቋችሁ የሚናገር ጌታ አይኑራችሁ» ብሎ ረገማቸው።

አሁን ዓመቶቹን ተመልከቱ። ዝቮኒሚር የሞተው በ1089 ነው። ጳጳስ ኡርባን 2ኛ በክሌርሞን የመስቀል ጦርነትን ያወጀው በኅዳር 1095 ነው። ስድስት ዓመት ልዩነት አለ! ጎርጎርዮስ በ1074 ለምሥራቅ ክርስቲያኖች እርዳታ የመላክ ሐሳብ ነበረው፤ ስለዚህ «እንዝመት» የሚል ወሬ ፈጽሞ አልተሰማም አልልም። የጌታን መቃብር ነጻ ለማውጣት የሚል ጥሪ ግን የኋላ ዘመን ሰው የራሱን ዘመን ወደ ኋላ ወስዶ የጻፈው ይመስላል።

ሁለተኛ፣ የስፕሊቱ ሊቀ ዲያቆን ቶማስ በ13ኛው ክፍለ ዘመን ሲጽፍ ስለ ግድያ ምንም አይልም። የሚነግረን ወራሽ ሳይተው መሞቱንና ከዚያ በኋላ መኳንንቱ እርስ በርስ መባላታቸውን ነው።

ሦስተኛ፣ እርግማኑ ለማን ጠቀመ? ከ1102 ጀምሮ የክሮኤሺያ ዘውድ በሀንጋሪ ነገሥታት ራስ ላይ ነበር። «ለምን የራሳችን ንጉሥ የለንም?» ብሎ ለሚጠይቅ ሰው መልስ ያስፈልግ ነበር፤ ትረካው መልስ ሆነ። ሊቃውንቱ ዛሬም ተከፋፍለዋል፤ ግድያው እውነት ነው፣ ምክንያቱ ግን ሌላ ነው የሚሉ አሉ። እኔ በሕመም ወይም በዕርጅና ሞተ ወደሚለው አዘነብላለሁ።

ስደተኛዋ
እና ያ ዜና መዋዕል ንጉሡን ይጠላዋል?

ዘመነ ብራና
የለም እህቴ፣ እጅግ ያመሰግነዋል እንጂ! በደጉ ንጉሥ በዝቮኒሚር ዘመን አገሩ ሁሉ ደስተኛ ነበር፣ ከተሞቹ በብርና በወርቅ ተሞልተው ነበር፣ ድኻው ሀብታም ይበላኛል ብሎ አይፈራም፣ አገልጋይም ጌታዬ ግፍ ይሠራብኛል ብሎ አይሰጋም ነበር ይላል። ይህን ከሶሊኑ መሐላ ጎን አኑሪው። መሐላው ላይ ድኻና መበለት፤ ትዝታው ላይም ድኻና አገልጋይ። ሁለቱ በብዙ መቶ ዓመት የተራራቁ ጽሑፎች እዚህ ላይ መገናኘታቸው ለእኔ ከእርግማኑ ይበልጣል።

የታሪክ ጥማት
እግዜር ይስጥልኝ፤ እኔ ልለው የፈለግሁትን አንተ አልኸው።

መጀመሪያ «ያዙልኝ» ያልሁትን ደግሞ ልፍታው። ዝቮኒሚርና ዬሌና ራዶቫን የሚባል ልጅ ነበራቸው፤ ከአባቱ በፊት ሞተ። ስለዚህ በ1089 ዙፋኑ ባዶ ሆነ። የጥንቱ የትርፒሚሮቪች ሥርወ መንግሥት የመጨረሻ ሰው እስጢፋኖስ 2ኛ ነገሠ፤ በ1091 እሱም ያለ ወራሽ ሞተ። የሀንጋሪ ዜና መዋዕል እንደሚለው መበለቲቱ ንግሥት የባልዋ ጠላቶች ሲያስጨንቋት ወንድምዋን ላዲስላውስን ጠራች። እሱም በ1091 ገባ፤ የወንድሙን ልጅ አልሞስን አነገሠ፤ የዛግሬብን ሀገረ ስብከትም በ1094 ገደማ መሠረተ። በ1097 የመጨረሻው የአገሬው ተወላጅ ንጉሥ ፔታር በግቮዝድ ተራራ ተዋግቶ ወደቀ። በ1102 የሀንጋሪው ንጉሥ ኮሎማን በቢዮግራድ ዘውድ ጫነ።

አገሩን ወደ ሀንጋሪ የወሰደው አንድ ልጅ ከአባቱ በፊት መሞቱና አንዲት መበለት ወንድምዋን መጥራትዋ ነው። መበለቶችን እጠብቃለሁ ብሎ የማለው ንጉሥ የገዛ መበለቱን የሚጠብቅላት ሰው አልተወም። ይህን ባሰብሁ ቁጥር ያሳዝነኛል።

ቀጥተኛው
ይህ ከእርግማኑ የበለጠ ልቤን ነካው። አመሰግናለሁ ወንድሞቼ።

ስደተኛዋ
በሚቀጥለው በጋ እንደገና ወደዚያ አገር ለመሄድ አስቤአለሁ። ድንጋዩን ማየት ከፈለግሁ ወደ ደሴቱ ልሂድ ወይስ የት ነው ያለው?

የታሪክ ጥማት
ዋናው ድንጋይ ከ1934 ጀምሮ ዛግሬብ ነው፤ የክሮኤሺያ የሳይንስና የኪነ ጥበባት አካዳሚ ሕንፃ ውስጥ ይገኛል። ዩራንድቮር ባለው ቤተ ክርስቲያን የምታገኚው ቅጂውን ነው። ከቻልሽ ግን ሁለቱንም እዪ። ዛግሬብ ላይ ፊደሉን በቅርብ ታነቢያለሽ፤ ደሴቱ ላይ ደግሞ ንጉሡ የሰጠው መሬት ዙሪያሽን አለ።

ባለ ቅኔ
ስትሄጂ ልጄ፣ «በዚህ የሚኖር ስለ እነርሱ ይጸልይ» የሚለውን አትርሺ። አንቺ እዚያ ባትኖሪም አንድ አቡነ ዘበሰማያት በይላቸው።